ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ? ስለ አሮጌው ኒሳን 300 ዜድኤክስ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በጥር 1990 አሜሪካውያን የሱፐር ቦውልን ጨዋታ እየተመለከቱ ሳለ ኒሳን አንድ ማስታወቂያ አስተላለፈ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያዘጋጀው ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ሪድሊ ስኮት ነበር። አንድ ሰው ሕልሙን ይተርካል፤ መጀመሪያ በሞተር ሳይክል፣ ቀጥሎ በውድድር መኪና፣ በመጨረሻ በአውሮፕላን ያሳድዱታል። ሊደርሱበት ሲቃረቡ የመኪናው ሁለት ቱርቦዎች ይነሡና ጥሏቸው ይሄዳል። ማስታወቂያው ፍጥነትን ያበረታታል የሚል ወቀሳ ስለተነሣበት ኒሳን ደግሞ አላሳየውም። በሰው ጭንቅላት ውስጥ የተከለው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አልተነቀለም፦ 300 ዜድኤክስ ማለት ባለ ሁለት ቱርቦው ነው፤ ሌላው ለስሙ ያህል ነው።

ኒሳን በአሜሪካ ገበያ ይህን መኪና ከ1990 እስከ 1996 ሞዴል ድረስ የሸጠው በሁለት ዓይነት ሞተር ነው። ሁለቱም ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 24 ቫልቭ ናቸው። ያለ ቱርቦው 222 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ባለ ሁለት ቱርቦው በማንዋል ማርሽ 300፣ በአውቶማቲክ 280 ያወጣ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከተሸጡት ውስጥ ትንሹ እንኳ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በወጣትነቱ በፖስተር ያየውን መኪና አሁን ገንዘብ ሲይዝ ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ በቨርጂኒያም ይኑር በዴንቨር፣ መጀመሪያ የሚገጥመው ክርክር ይኸው ነው፤ ባለ ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ? ክርክሩ ላይ የሚወረወሩት አስተያየቶች ግማሾቹ ውሸት፣ ግማሾቹ ደግሞ ግማሽ እውነት ናቸው። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

የተሳሳተ አመለካከት 1፦ «ሁለቱ አንድ መኪና ናቸው፤ ልዩነታቸው ቱርቦው ብቻ ነው»

እውነታው፦ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ኮፈኑ ሲነሣና መኪናው በክሪክ ሲሰቀል ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። ያለ ቱርቦው ሞተር ኮምፕሬሽኑ 10.5 ለ 1 ነው፤ ማለትም ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የገባውን አየርና ቤንዚን ወደ አሥር ተኩል እጥፍ ያጠብበዋል። ባለ ቱርቦው 8.5 ለ 1 ነው። ቱርቦው አስቀድሞ ያመቀውን አየር ፒስተኑ ደግሞ አብዝቶ ቢያምቀው፣ ድብልቁ ከካንዴላው እሳት በፊት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ስለዚህ ፒስተኖቹ ራሳቸው የተለያዩ ናቸው።

ሌላም አለ። የባለ ቱርቦው ዲፈረንሻል ከፍ ያለ ኃይል የሚችል ትልቅ ዓይነት ነው። ከፊት መከላከያው ግራና ቀኝ፣ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዙ ሁለት ኢንተርኩለሮች አሉት። የሞተር ዘይቱ የራሱ ማቀዝቀዣ አለው። በአሜሪካ የተሸጡት ባለ ቱርቦዎች ሱፐር ሃይካስ የሚባለው የኋላ ጎማዎችን በትንሹ የሚያዞር የመሪ ሥርዓትም ተገጥሞላቸዋል፤ እስከ 1993 በዘይት ግፊት፣ ከ1994 ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ይህ ሁሉ ሲደመር ባለ ቱርቦው 100 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል።

በአንጻሩ ያለ ቱርቦው ብቻ የሚሰጠው ነገር አለ። በአሜሪካ ከኋላ ተጨማሪ ሁለት መቀመጫ ያለው ረዘም ያለው ዓይነትና ከ1993 ሞዴል ጀምሮ የወጣው ጣሪያው ተጣጣፊ መኪና ከፋብሪካ የወጡት ያለ ቱርቦ ብቻ ነው። ልጅ ይዞ መንዳት ወይም ጣሪያ ከፍቶ መንሸራሸር የሚፈልግ ሰው ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ምርጫው ተወስኖለታል።

የተሳሳተ አመለካከት 2፦ «ያለ ቱርቦውን በርካሽ ልግዛውና ቱርቦውን በኋላ ቀስ ብዬ አስገባለሁ»

እውነታው፦ ከሁሉም አመለካከቶች ብዙ ኪስ ያራቆተው ይህ ነው። ሐሳቡ ሲታይ የሚያባብል ነው፤ ያለ ቱርቦው በዋጋ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩ መጠኑ እኩል ነው፣ ቱርቦም በመለዋወጫ ገበያ ይገኛል። ሒሳቡን ሲቀመጡበት ግን ሌላ ነው።

ከላይ እንዳየነው የያለ ቱርቦው ፒስተኖች ለ10.5 ኮምፕሬሽን የተሠሩ ናቸው። እነሱ ላይ ቱርቦ ሲጨመር ሞተሩ ያለ ጊዜው የመፈንዳት አደጋ ይገጥመዋል፤ ያ ፍንዳታ የፒስተኑን ቀለበት መያዣ ጠርዝ ይሰብራል። ይህን ለማስቀረት ሞተሩን አውርዶ ፒስተን መቀየር ያስፈልጋል። ከዚያ ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የሽቦ መስመሩ፣ የጭስ መሰብሰቢያዎቹ፣ ኢንተርኩለሮቹና ቧንቧዎቻቸው፣ የዘይትና የውኃ መስመሮቹ፣ ፍሪሲዮኑ ይከተላሉ። ዲፈረንሻሉም ለያለ ቱርቦው ኃይል የታሰበ መሆኑን አይርሱ። ይህን ሁሉ ከአንድ የተጋጨ ባለ ቱርቦ መኪና ፈትቶ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን የዚያ መኪና ዋጋና የመካኒኩ የሥራ ሰዓት ሲደመር ሙሉውን ባለ ቱርቦ ከመግዛት ይበልጣል። ሥራው ካለቀ በኋላም መኪናው ሲሸጥ ገበያው የሚያውቀው «ያለ ቱርቦ የነበረ፣ የተነካካ» ብሎ ነው።

ይህ ነገር የ300 ዜድኤክስ ብቻ አይደለም። በ1993 የወጣው ቶዮታ ሱፕራም በአሜሪካ ያለ ቱርቦው 220፣ ባለ ቱርቦው 320 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የእነሱም ኮምፕሬሽን 10 ለ 1 እና 8.5 ለ 1 ሆኖ ይለያያል። የሱፕራው ሞተር ግን ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበትና ዙሪያው ሰፊ ቦታ ያለው ስለሆነ፣ ያለ ቱርቦው ላይ አንድ ቱርቦ በመጠነኛ ግፊት አስገብተው ለዓመታት የሚነዱት አሉ። ይህንን ሰምቶ ያው በ300 ዜድኤክስ ይሠራል ማለት ስሕተት ነው፤ በ300 ዜድኤክስ ኮፈን ሥር ተጨማሪ ዕቃ ማስገቢያ ይቅርና እጅ ማስገቢያም የለም።

ስለዚህ ሁለት ውሳኔ ብቻ አለ። ባለ ቱርቦ የሚፈልግ ባለ ቱርቦ ይግዛ። ያለ ቱርቦውን የሚገዛ ደግሞ እንዳለ ወድዶት ይግዛ።

የተሳሳተ አመለካከት 3፦ «ያለ ቱርቦው ችግር የለበትም፤ እንደ ኮሮላ ዘይት እየቀየሩ መንዳት ነው»

እውነታው፦ ያለ ቱርቦው ከሁለት ቱርቦዎች፣ ከሁለት ኢንተርኩለሮችና ከብዙ ቧንቧ ነፃ ነው፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የዚህ መኪና ስመ ጥር ችግሮች አብዛኞቹ ቱርቦ አያውቁም፤ ሁለቱንም እኩል ይጎበኛሉ።

የመጀመሪያው ታይሚንግ ቤልቱ ነው። በየ60,000 ማይሉ መቀየር አለበት፤ ላስቲክ ስለሆነ መኪናው ቆሞም ያረጃል። ከተበጠሰ ፒስተኖቹ የተከፈቱትን ቫልቮች ይመቷቸዋል፤ የዚያን ጊዜ የችንጋ ወጪ ሳይሆን የሞተር ወጪ ይመጣል። «ቤልቱ ተቀይሯል» የሚል ሻጭ ደረሰኝ ከሌለው አልተቀየረም ብሎ መነሣት ይሻላል።

ሁለተኛው ኢንጀክተሮቹ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠሙት ኢንጀክተሮች በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ውስጣቸውን ይጎዳዋል። መካኒኩ በመለኪያ ሲፈትሻቸው እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 14 ኦም መካከል ማንበብ አለባቸው፤ አንዱ ከወጣ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የኢንጀክተሩ ዋጋ ብቻ አይደለም ነገሩ። ኢንጀክተሮቹ የሚገኙት ከሞተሩ አናት ላይ ከተዘረጋው ትልቅ የአየር ማስገቢያ ሳጥን ሥር ነው። እነሱን ለመድረስ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ከሥሩም የደረቁ የውኃ ቱቦዎችና ያለ ጊዜው የሚመጣን ፍንዳታ የሚያዳምጠው ኖክ ሴንሰር ይጠብቃሉ። ብልህ መካኒክ ሳጥኑ አንዴ ከተነሣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀይራል፤ ያልሆነ እንደሆነ በሚቀጥለው ወር ያው ሥራ ከ«ሀ» ይጀመራል።

ሦስተኛው ከሞተሩ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ናት። ለስድስቱ ኮይሎች ትእዛዝ የምታስተላልፈው እሷ ነች። የተቀመጠችበት ቦታ ሙቀት ስለሚበዛበት ትቃጠላለች፤ መኪናው ሲሞቅ ይንተፋተፋል፣ ሲብስ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ይህን ምልክት የማያውቅ ሰው የቤንዚን ፓምፕ ሲቀይር፣ ካንዴላ ሲቀይር ይከርማል።

እንግዲህ «ያለ ቱርቦ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ርካሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የገዛው አቅሙ ያልፈቀደ ሰው ነው፤ ጥገናውንም ያሳለፈው በይደር ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 4፦ «ባለ ቱርቦ ሞተር ዕድሜው አጭር ነው»

እውነታው፦ ኒሳን ይህን ሞተር ሲሠራ ቱርቦውን በኋላ የመጣ እንግዳ አላደረገውም። ዝቅተኛው ኮምፕሬሽን፣ የዘይት ማቀዝቀዣው፣ በውኃም በዘይትም የሚቀዘቅዙት ቱርቦዎች አብረው የታሰቡ ናቸው። በ1994 ከዚህ መኪና የተነሣ ባለ ቱርቦ የውድድር 300 ዜድኤክስ የዴይቶናን የ24 ሰዓት ውድድር በአጠቃላይ አሸናፊነት፣ የሴብሪንግንም የ12 ሰዓት ውድድር እንዲሁ ወስዷል። የውድድር ሞተር ከመንገድ ሞተር ይለያል፤ ነገር ግን መሠረቱ ደካማ ቢሆን ኖሮ 24 ሰዓት ሙሉ ባልተነዳ።

ቱርቦን የሚገድለው ዕድሜው ሳይሆን ችላ መባሉ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ በቱርቦው አንድ ጎን ያለውን ተሽከርካሪ ያዞረዋል፤ በሌላው ጎን ያለው ደግሞ ንጹሕ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ያምቃል። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲከርምና ሲቆሽሽ፣ ወይም መኪናው በኃይል ከተነዳ በኋላ ወዲያው ሲጠፋና በቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ሲያር፣ ሽፋኑ ይጠፋል። ለዚህ ነው ከፈጣን ጉዞ በኋላ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ረጋ ብሎ መንዳት የሚመከረው።

እውነተኛው ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የሰው ጉልበት። በ300 ዜድኤክስ ቱርቦዎቹ ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ዝቅ ብለውና ተጣብበው ነው የተቀመጡት። አንዱ ቱርቦ ከሞተ መካኒኩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሞተሩን ማውረድ ይመርጣል። ሞተሩ ከወረደ አንዱን ብቻ ቀይሮ መመለስ ሞኝነት ስለሚሆን ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ፍሪሲዮኑም፣ ቤልቱም፣ ቱቦዎቹም አብረው። ስለዚህ ባለ ቱርቦውን የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ይሰበራል ወይ?» ሳይሆን «ሲሰበር የሞተር ማውረጃ ገንዘብ አለኝ ወይ?» መሆን አለበት።

የተሳሳተ አመለካከት 5፦ «ያለ ቱርቦው ቀርፋፋ፣ ባለ ቱርቦው አውሬ ነው»

እውነታው፦ ሁለቱም የተጋነኑ ናቸው። በ1990 222 የፈረስ ጉልበት ቀልድ አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ፖርሽ 944 ኤስ2 ከዚህ ያንሳል። 300 ደግሞ በዚያ ዘመን የሚያስደነግጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ባለ 6 ሲሊንደሩ ቶዮታ ካምሪ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ 301 የፈረስ ጉልበት ይዞ ተሽጧል። በትራፊክ መብራት ላይ ሰው ለማስደነቅ ብሎ የ30 ዓመት ባለ ቱርቦ የሚገዛ ሰው፣ በአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ይቀደማል።

የሁለቱ እውነተኛ ልዩነት ያለው በአነዳድ ጠባያቸው ነው። «ቱርቦ ዘግይቶ ነው የሚነሣው» የሚለውም እዚህ ላይ ይወድቃል። ኒሳን አንድ ትልቅ ቱርቦ ከማስገባት ለእያንዳንዱ ሦስት ሲሊንደር አንድ አንድ ትንሽ ቱርቦ ሰጥቷል፤ ትንሹ ቶሎ ይነሣል። ባለ ቱርቦው ትልቁን የመጎተት ኃይሉን፣ 384 ኒውተን ሜትር፣ በ3,600 ዙር ይሰጣል። ያለ ቱርቦው ግን 268 ኒውተን ሜትሩን ለማግኘት 4,800 ዙር ድረስ መውጣት አለበት። በሀይዌይ ላይ ባለ ቱርቦው ማርሽ ሳይቀየር ይቀድማል፤ ያለ ቱርቦው ሁለት ማርሽ ወርዶ ይጮኻል። የሚገርመው፣ ይህንን ጩኸት የሚወዱ ብዙ ናቸው። ያለ ቱርቦው ለእግር ንክኪ ወዲያው ይመልሳል፣ አፍንጫው ቀላል ነው፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሹፌሩ የሞተሩን ሙሉ ኃይል ሳይፈራ ይጠቀማል።

እዚህ ላይ የቦታ ጉዳይም አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ያለ ቱርቦ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች 222ቱ የፈረስ ጉልበት እዚያ ወደ 187 ይወርዳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቢሆን ኖሮ 170 ገደማ ይቀረው ነበር። ቱርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከኪሳራው ብዙውን ይመልሳል። በቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ልዩነቱ የምርጫ ነው፤ በኮሎራዶ ተራሮች ለሚነዳ ሰው ግን ለባለ ቱርቦው የሚያደላ ምክንያት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 6፦ «ያለ ቱርቦው ቤንዚን ይቆጥባል፤ ተራ ቤንዚንም ይበቃዋል»

እውነታው፦ በመንግሥት የፍጆታ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም። ያለ ቱርቦውም ቢሆን ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ፕሪሚየም ቤንዚን ይፈልጋል። ተራውን 87 ኦክቴን እየሞሉ የኖሩበት መኪና ከሆነ፣ የኖክ ሴንሰሩ ካልሠራ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በቤንዚን ወጪ ምክንያት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አያስኬድም።

የተሳሳተ አመለካከት 7፦ «የተሻሻለው ባለ ቱርቦ ይሻላል፤ ብዙ ሺህ ዶላር ወጥቶበታል»

እውነታው፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የቱርቦው ተጨማሪ ግፊት ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ከግማሽ በላይ ነው። ይህን ግፊት ከፍ ማድረግ ቀላል ስለሆነ በመጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ሞተሩ የሚፈልገው ቤንዚንም ይጨምራል፤ ኢንጀክተሩ ወይም ፓምፑ ካልደረሰለት ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። ከተገጠመው የዕቃ ዝርዝር በላይ ትርጉም ያለው ማን እንደገጠመውና ኮምፒውተሩን ማን እንዳስተካከለው ነው። ለዚህ በጽሑፍ የተያዘ ማስረጃ ከሌለ የወጣበት ሺህ ዶላር ለገዢው ጥቅም የለውም። ገበያውም ይህን ያውቃል፤ ዛሬ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ምንም ያልተነካካው፣ ማንዋል ማርሽ ያለው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 8፦ «ትንሽ ማይል የሄደ ከሆነ ዐይንን ጨፍኖ መግዛት ነው»

እውነታው፦ ለ15 ዓመት ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ማይሉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቱቦው ደርቋል፣ የዘይት መከላከያ ላስቲኮቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ኢንጀክተሮቹን አበላሽቷል። በየሳምንቱ የሚነዳና ደረሰኙ የተሟላ 120,000 ማይል የሄደ መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ለማየት ሲሄዱ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያኑሩ፤ ሞቆ ካገኙት የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥተው ከኋላ ቆመው ጭሱን ይመልከቱ። ባለ ቱርቦ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ካሠሩት በኋላ ቤንዚኑን ረገጥ ያድርጉት፤ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ ቱርቦው ወይም የቫልቭ ላስቲኩ ነው። ከዚያ የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በመካኒክ ያስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወረደ ድርድሩ እዚያ ያበቃል። ይህ ምርመራ ለሁለቱም ዓይነት እኩል ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 9፦ «ባለ ቱርቦውን በምልክቱና በክንፉ መለየት ይቻላል»

እውነታው፦ «ትዊን ተርቦ» የሚለው ጽሑፍ በመስመር ላይ ገበያ ይሸጣል፤ ክንፉም ቢሆን በብሎን የሚገጠም ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የማይዋሸው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ለአሜሪካ በተሠሩት መኪኖች፣ በፊት መስታወት ሥር በሹፌሩ በኩል የሚነበበው ባለ 17 አኀዝና ፊደል ቁጥር አለ። አራተኛው ቦታ ላይ ያለው የላቲን ፊደል «ሲ» ከሆነ መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በሁለት ቱርቦ ነው፤ «አር» ከሆነ ያለ ቱርቦ ነው። በአሜሪካ የተሸጠ ጣሪያው ተጣጣፊ መኪና «ባለ ቱርቦ ነው» ተብሎ ከቀረበ ደግሞ ቁጥሩን ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ ፋብሪካው እንዲህ ያለ መኪና ስላላወጣ፣ ያው በቁጥር 2 ያየነው ጣጣ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት 10፦ «ከጃፓን የመጣው ይበልጣል፤ ሲሰለቸኝም አገር ቤት እልከዋለሁ»

እውነታው፦ በአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት የሞላው መኪና ያለ ፌዴራል የደኅንነት ምርመራ ይገባል፤ የዚህ ሞዴል ምርት በጃፓን በ2000 ስላበቃ ሁሉም ዕድሜያቸው ደርሷል። ይሁንና በጉልበት አይበልጥም። የጃፓን ፋብሪካዎች በዚያን ጊዜ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማስተዋወቅ ተስማምተው ስለነበር፣ የጃፓኑ ባለ ቱርቦ በወረቀት ላይ ከአሜሪካው ያንሳል። ትርፉ ሌላ ነው፤ አራት መቀመጫ ያለው ባለ ቱርቦ በጃፓን ይገኛል። መሪው ግን በቀኝ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ በቀጥታ የገባ መኪና ሰሌዳ ከማግኘቱ በፊት በተፈቀደለት ላቦራቶሪ የጭስ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

አገር ቤት መላክ የሚባለውም አይሠራም። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አግዳለች። መኪናው የሚገዛው በሚኖሩበት አገር ሊነዳና እዚያው ሊሸጥ ነው።

ታዲያ የቱ ይገዛ?

ሥራ የሚመላለሱበት ሌላ መኪና የሌለዎት፣ በአቅራቢያዎ ይህን ሞዴል የሚያውቅ መካኒክ የማያገኙ፣ ወይም ሞተር ለማውረድ የሚበቃ ገንዘብ ከመግዣው ውጭ ያላስቀመጡ ከሆነ ያለ ቱርቦውን ይግዙ፤ ማንዋል ማርሽ ይምረጡ፤ የቤልቱንና የኢንጀክተሩን ደረሰኝ ይጠይቁ። ከገዙት በኋላም ቱርቦ ለመጨመር አያስቡ።

ሁለተኛ መኪና ካለዎት፣ ጋራዥ ካለዎት፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ካስቀመጡ ባለ ሁለት ቱርቦውን ይግዙ፤ ያልተነካካውን ብቻ። ከተነካካ ባለ ቱርቦ በጥንቃቄ የተያዘ ያለ ቱርቦ ይሻላል፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ባለ ቱርቦ የሚሻል ግን በዚህ ዋጋ ብዙ የለም።

በሁለቱም በኩል የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ ሻጩ መኪናውን እርስዎ በመረጡት መካኒክ ለማስፈተሽ እምቢ ካለ፣ ቱርቦ ኖረውም አልኖረውም፣ ትተውት ይሂዱ።